አሥራ ስምንት ዲግሪ

ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰንፌ ይመስለዋል፣ ወንድሜ። አባታችን ሲሞት ከሁለት ልጅ አንዱ ሥራ መግባት ነበረበትና እማዬ በጣቷ ያሳየችው እኔን ነው። እሱ ተማረ፣ መሐንዲስ ተባለ። እኔ የሶፋ ልብስ ስሰፋ ጣቴ በመርፌ ተበሳስቶ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ በሰው ፊት «ጨርቁ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሰው ይስቃል። እኔ ስቄም አላውቅ፣ ረስቼም አላውቅ።

አምና እማዬ ሳንባዋን ታማ ስትነሳ ሐኪሙ «ሁለተኛ ብርድ ከመታት አትተርፍም» አለን። ወንድሜ እሱ ጋ እንድትገባ ፈለገ። እሷ ግን «እዚሁ ከታናሹ ጋ እሆናለሁ» አለች። በዕድሜዬ ከእሱ ቀድሜ የተመረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ብርዱ ሲገባ ቤቴን እንደ ሶፋ ሠራሁት። ሳሎኑን ቆልፌ ሁለታችንም አንዷ መኝታ ቤት ገባን። የመስኮቱን ክፍተት በቁርጥራጭ ስፖንጅ ጠቀጠቅሁት። ለበሩ ከወፍራም የሶፋ ጨርቅ ድርብ መጋረጃ ሰፋሁለት። አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለዚያች ክፍል ትበቃለች። ወሩ አልቆ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ካሰብኩት ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱን ይዤ ወንድሜ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።

«እስቲ ይቺን በትምህርትህ አስላልኝ» አልኩት።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «በዚህ ሂሳብ ያ ክፍል ሊሞቅ አይችልም። ጨርቁ፣ እናታችንን በብርድ እየቀጣሃት ነው። አንድ ቀን ሳልነግርህ እመጣለሁ። ከአሥራ ስምንት ዲግሪ በታች ካገኘሁት ይዣት ነው የምሄደው።»

«ና። መለኪያህንም እንዳትረሳ።»

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማታ ማታ ስገባ መጀመሪያ የምነካው ማሞቂያውን ነው። ትኩስ ነው። «ኧረ ቤቱ እሳት ነው!» ትለኛለች እማዬ። ደስ ይለኛል።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወንድሜ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ተነስ፣ አብረን እንሂድ። ቀድመህ ገብተህ እንዳታሞቀው።» ወንበር እያለበስኩ ነበር፤ መዶሻዬን ጥዬ ተነሳሁ። የቤቴን ደረጃ ስንወጣ ስፖንጄን አምኜ ነበር።

መጋረጃውን ስገልጥ ብርዱ ፊቴን መታኝ። እማዬ ካፖርቷን ለብሳ፣ በሁለት ሻርፕ ተጠምጥማ አልጋው ላይ ኩርምት ብላለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እኛን ስታይ ደንግጣ ወደ ሶኬቱ ልትሄድ ተነሳች። የማሞቂያው ገመድ ተነቅሎ፣ በወጉ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ወንድሜ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ቀዩ መስመር ወረደ፣ ወረደ፣ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«ዘጠኝ!» አለ።

«ሞቆኝ እኮ ነው ያጠፋሁት፣ ልጄ» አለች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«ለሱ ብለሽ ነው የምትዋሺው!»

«አትጩህባት» አልኩት።

«አንተ ዝም በል! ልትገድላት ነበር!»

እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን አደረገች። «እሱን ተወው! ምን አጠፋ? ጠዋት ሰክቶልኝ ይወጣል፣ እኔ እነቅለዋለሁ። ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው መልሼ እሰካዋለሁ። ያ ቆጣሪ ሲሽከረከር እየሰማሁ ልቀመጥ? ጣቱን አላየኸውም? ትምህርቱን አንዴ ወስጄበታለሁ፤ ደግሞ ላቡን ላቃጥልበት?»

የሂሳቡን ግማሽ የቆጠበው ስፖንጁ አልነበረም ለካ። እኔ ወረቀት ይዤ ስፎክር እሷ ቀኑን ሙሉ በካፖርት ስትንቀጠቀጥ ነው የከረመችው። ወንድሜ አሁን ይሳለቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጣቶቿን ይዞ እያሻሸ ነበር።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ እንዳትነቅይው ብዬ ባስምልሽ ትተይዋለሽ?»

«እሺ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። ስትዋሽ አውቃታለሁ።

«እሱ ቤት ብትሆኚስ ትነቅይዋለሽ?»

«እሱ ደግሞ ምን ጎድሎበት!» ከአፏ አመለጣት። ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሥራዬን ትቼ ቀኑን ሙሉ ልጠብቃት አልችልም። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው ሻንጣዋ ጋ የሚደርስ ቁመት ያለኝ እኔ ነኝ፤ አወረድኩት። ካልሲዎቿን፣ መድኃኒቷን፣ ወፍራሙን ሹራቧን ከተትኩ። «አንተ ልጅ፣ ተው» ትላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ወንድሜ ሊያግዘኝ ጎንበስ ሲል እጁን ገፋሁት።

«አንተ ውረድና መኪናህን አሙቅ» አልኩት። «እኔ ይዣት እመጣለሁ።»

ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ወረደ።