የጥጉ አፈር

ድንቅቱ ሰው አታምንም፤ መሬት የሚያይ ሰው ደግሞ ጨርሶ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታበላው ጉደር አጠገብ ያለችው የሽምብራ ማሳዋ ናት። ስለዚህ ከአምቦ የምርምር ጣቢያ የመጣው ከበበው የላስቲክ ከረጢት ይዞ ማሳዋ ዳር ሲቆም፣ መኮትኮቻዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ ጠበቀችው።

«አዴ ድንቅቱ፣ እሾላው ሥር ባለው ጥግ ጓይ ትል ይሞታል አሉ።»

እውነት ነው። ሌላው ቦታ እሸቱን ወንፊት የሚያደርገው ትል፣ እዚያ ጥግ ጠቁሮ፣ ላሽቆ፣ ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«አፈሩ ውስጥ ትሉን የሚያሳምም፣ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር አለ። እሱን አርብተን ማሳው ላይ እንረጫለን። አንድ ጭብጥ አፈር ይበቃኛል።»

«በዓይን ካልታየ አንተ በምን አየኸው?»

«በመሣሪያ።»

«ከረጢቱ ላይስ ምን ትጽፋለህ?»

«ስምዎንና ቀበሌዎን።»

ያኔ ነው የጠረጠረችው። መተተኞች የእግር አፈር ወስደው ስንቱን አሳበዱ ይባላል። ጌዶ በኩልም ሰው ወደ መንደር ምሥረታ ሲነዳ፣ መጀመሪያ የመጣው እርሳስ ይዞ ስም የሚጽፍ ሰው ነበር።

«አበባ የያዘ ማሳ ባዳ አይረግጠውም። እኔ አመጣልሃለሁ» አለችና ከረጢቱን ተቀበለችው። በሾላው በኩል ዞራ ወደ መኪና መንገዱ ወረደች፤ ከዳሩ አቧራ ዝቃ ሞላችለት። ስሟን ጽፎበት ወሰደው። ይውሰድ፤ በመንገድ አቧራ መተት አይሠራም።

በዓመቱ ትሉ ባሰ። ከሾላው ጥግ በቀር ማሳው ባዶ ገለባ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከበበው ተመልሶ መጣ።

«ከእርስዎ አፈር ምንም አልወጣም። ከሌላ ቦታ ያገኘነውም ደካማ ነው። የእርስዎ ቢሳካ ኖሮ የመጀመሪያው ርጭት እዚሁ ማሳ ላይ ነበር።»

ድንቅቱ አንድ እሸት ፈለቀቀች። ውስጡ ትልና ኩስ ነው። ለዘር የሚሆን እንኳ ከዚያ ጥግ ካልሆነ አታገኝም።

«ያ አፈር የመንገድ ነው» አለች።

«የምን መንገድ?»

«የመኪና።»

ከበበው ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ እኮ ወራት ሙሉ የመኪና አቧራ በመሣሪያ ሳይ ከረምኩ።»

«የት ነው የዛቅሽው ብለህ ጠየቅኸኝ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሾላው ሄደች። አፈሩን ከጠቆረው ትል ጋር በመኮትኮቻዋ አወጣች፤ እሱ የያዘውን አዲስ ከረጢት ሞልታ በገመድ ሦስት ጊዜ አሰረችው።

«በል ስሜን ጻፍበት። በትልቁ።»

ጻፈና እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ከረጢቱን ጉያዋ ውስጥ ከታ ነጠላዋን አጣፋች።

«አዴ ድንቅቱ፣ አይሰጡኝም እንዴ?»

«መኪናህ ለአንድ ሰው ቦታ አያጣም» አለች፣ ቀድማው ወደ መንገዱ እየወረደች። «ይሄ እኔ ፊት ነው የሚፈታው።»