የጋሽ ሳማታር መኪና አዲስ ስዊቾች

ጋሽ ሳማታር ሲቆጡ አይቶ የሚያውቅ የለም፤ ያን ቀን ግን ያዙኝ ልቀቁኝ አሉ። «አሮጌዎቹን መልስልኝ!»

መኪናዋን ለመብራት ጥገና ትተው ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ፣ ኸሊፋ ያረጁትን የመስኮትና የበር ስዊቾች በገዛ ገንዘቡ ቀይሮ ምስጋና ሲጠብቅ ነው ይህ የወረደበት። አሮጌዎቹ እኮ ስዊች መባላቸውም ይገርማል! ጽሑፋቸው ተፍቆ አልቋል፣ አንዱ ላይ ፕላስተር፣ ሌላው ላይ ክር ተለጥፎበታል።

ሽማግሌው ድሬዳዋ ያደጉ የሀርጌሳ ሰው ናቸው። ኸሊፋ ከኢትዮጵያ ሲመጣ እዚያው ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ይህችን የመኪና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቦታ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። በዚህችው መኪና ሰባት ተማሪዎች ያመላልሳሉ፤ አንዷ የኸሊፋ ልጅ ናዋል ናት። ተማሪ ሊለቀቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«እስቲ የኋላውን መስኮት ያውርዱት፤ ካልተመችዎ እመልሰዋለሁ» አለ ኸሊፋ በሾፌሩ መስኮት በኩል ጎንበስ ብሎ።

ጣታቸው ስዊቾቹ ላይ ተንከራተተ። ጫኑ፤ በሮቹ ቀጭ ብለው ተቆለፉ። ደግመው ጫኑ፤ የፊቱ መስኮት ወረደ። ወይ ጉድ! ነጩ ጽሑፍ እኮ ከዓይናቸው ሥር ነው። ፕላስተሩና ክሩ ለምን እንደተለጠፉ ለኸሊፋ ያኔ ገባው።

ሦስት ጣቱን ፊታቸው ዘረጋ። «ስንት ነው?»

«አትቀልድ።»

«ጋሽ ሳማታር፣ ስንት ነው?»

«አላህ ያውቃል» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ያ ረቢ! ታዲያ እንዴት ነው የሚነዱት?»

«መንገዱን ለምጄዋለሁ፤ ጥላ ጥላውንም አያለሁ። ደግሞ እዚህ አገር መሪው በቀኝ፣ የምንነዳውም በቀኝ። የጭነት መኪና ስትቀድም ከፊት የሚመጣውን አታይም፤ አጠገብህ ያለውን ‹ነፃ ነው?› ብለህ ትጠይቃለህ። ሁሉም ይጠይቃል፤ ማን ይጠረጥራል?»

«አጠገብዎ ማነው የሚቀመጠው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግራው ባዶ ወንበር አዞሩ። ኸሊፋም መልሱን ያውቀዋል። ናዋል ናት፤ ገና ስምንት ዓመቷ። «ጋሽ ሳማታር ፊት አስቀመጡኝ» እያለች ስትኮራ እሱም አብሮ ሲኮራ ከርሟል፤ ሞኝ አባት!

እጁን ሰዶ ቁልፉን ነቀለ።

«ለሰው አትንገርብኝ፤ እንጀራዬ ናት» አሉ ሽማግሌው። «ልጆቹስ? ፀሐይ ላይ ናቸው።»

«እኔ አመጣቸዋለሁ። ይውረዱ።»

ወረዱ። የመኪናዋን አፍንጫ እየዳበሱ ዞሩና የፊቱን የግራ በር እጀታ ያዙ።

«እዚያ አይደለም» አለ ኸሊፋ። «እዚያ የሚያይ ሰው ነው የሚቀመጠው፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ።»