የኦዲተሩ አበልጅ

የቢቸናው ዘይት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ባየ፣ ኦዲተራችንን ለማስቀየር ያልፈነቀለው ድንጋይ የለም። አንዴ «ክፍያቸው በዛ» ይላል፤ ሌላ ጊዜ «ሪፖርታቸው ይዘገያል»። እውነቱን ሁላችንም እናውቃለን። ኦዲተሩ አቶ አካለ ወልድ ከሞጣ መጥተው መጋዘን ይገባሉ፤ የኑጉን ጆንያ እያስወረዱ ያስመዝናሉ፤ የጎደለውን ጎደለ ብለው ይጽፋሉ። ምሳቸውን እንኳ ከቤታቸው ቋጥረው ነው የሚመጡት። እኔ አሰጋሽ የቦርዱ ሰብሳቢ ነኝ፤ ባየ «ይቀየሩ» ባለ ቁጥር «እሳቸው ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ» እል ነበር። ባለአክሲዮኖቻችን ገበሬዎች ናቸው፤ ፋብሪካውን የሚያምኑት በእሳቸው ፊርማ ነው።

ዘንድሮ ባየ ወንድ ልጅ ወለደ። ክርስትናው የዋለው አቶ አካለ ወልድ ለቆጠራ በመጡበት ሰሞን ነው። የክርስትና አባት ሊሆን የታሰበው ሰው ከደጀን ሲመጣ መኪና ተበላሽቶበት ቀረ። ቄሱ ይጠብቃሉ፤ እናቲቱ ታለቅሳለች። አቶ አካለ ወልድ ሊያስቀድሱ መጥተው እዚያው ቆመዋል። ባየ እግራቸው ላይ ወደቀ። እንዲህ ተለምኖ እምቢ የሚል በእኛ አገር የለም፤ ልጁን ክርስትና አነሱት።

በማግስቱ ቢሮዬ መጡ።

«ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ሌላ ኦዲተር ፈልጉ።»

«ምነው? ምን አጠፋን?»

«ባየ አበልጄ ሆነ። ነገ ኑግ ቢጎድል ብጽፍ በአበልጄ ጨከንሁ፤ ባልጽፍ በገበሬው።»

ደሜ ፈላ። ባየ ሆን ብሎ ያደረገው መስሎኝ አስጠራሁትና «ተሳካልህ!» ብዬ ጮኽሁበት። ነገሩን ሲሰማ ግን ክው ብሎ ወደ አቶ አካለ ወልድ ዞረ።

«ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ጠብ በኋላ እኮ ነው ልጄን ለእርስዎ የሰጠሁ። ላስወጣዎት ስታገል ያልሄዱ፣ ዛሬ ስወድዎት ይሄዳሉ?»

«ስትጠላኝማ ሥራዬን እሠራ ነበር» አሉት።

ባየ አንገቱን ደፋ። እኔም በጮኽሁበት አፈርሁ።

የጨነቀኝ የባለአክሲዮኖቹ ጉባኤ ነበር። ጎበዝ ኦዲተር ሲቀየር ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ የደበቁት አለ ይላል። ቆሜ እውነቱን ተናገርሁ፤ «የባየን ልጅ ክርስትና አንስተው ነው» አልሁ። አበልጅ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ፋንታ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ግን ተነሡ።

«እንግዲህ ይሁን» አሉ፣ ወደ ባየ እያዩ። «የሚመጣውን ግን አደራ፣ እንዳትወድብን።»