በሁለት ዳይኖ የተለካች መኪና

አባባ ጓንጉል ደም ግፊታቸውን እንኳ አንድ ክሊኒክ ብቻ ተለክተው የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ ልጆቻቸው እያጉረመረሙ ቀይ ባለ ቱርቦ መኪና ገዙ። ጉልበት እንዲጨመርላትም ኤመቅ ሳራ በተባለው የፋብሪካ ሰፈር ወዳለው የዲክላና የታናሽ ወንድሟ የኦሬል ጋራዥ ወሰዷት።

የጋራዡ መኩሪያ ዳይኖው ነበር፤ መኪና ሮለር ላይ ወጥታ፣ በቀበቶ ታስራ፣ ጎማዋ ባለበት እየተሽከረከረ የፈረስ ጉልበቷ የሚለካበት ማሽን። ከሥራው በፊት ቀይዋ መኪና ሁለት መቶ አራት አወጣች። ኦሬል ማርሚታዋን ቀይሮ፣ የሞተሯን ኮምፒውተር አስተካክሎ ሲለካት ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ! ሽማግሌው አቅፈው ሳሙት።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ኦሬል ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር።

«ልጄ፣ ሌላ ጋራዥ አስለካኋት። ሁለት መቶ ሃያ ሰባት አሉኝ» አሏት ዲክላን።

ዲክላ ፈገግ አለች። ይህን ስንቱ ደንበኛ ጠይቋታል።

«አባባ፣ የእኛን ከእነሱ ጋር አያወዳድሩ። ሁለት ዳይኖ አንድ ዓይነት አይለካም። ማየት ያለብዎት በአንዱ ማሽን ከሥራው በፊትና በኋላ የወጣውን ነው።»

«ናኮን፣ ልክ ነሽ። ለዚያ ብዬ እኮ ነው እናንተ ጋ ሳልመጣ በፊትም እዚያ ያስለካኋት። ያኔ ሁለት መቶ አምስት ነበረች።»

የዲክላ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ሥራው ሳይሠራ ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የተለያዩት። ታዲያ በኋላ ይህን ያህል ምን አራራቃቸው?

መኪናዋን ራሷ ሮለሩ ላይ አወጣቻት፤ ቀበቶውን አጠበቀች፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠች። ጣሪያው በሞተሩ ጩኸት ተንቀጠቀጠ። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት። ደገመችው። ያው ሁለት መቶ ሃያ ስድስት።

ኦሬል የለካውን ከኮምፒውተሩ አወጣች። ማሽኑ ሙቀቱንና የአየሩን ግፊት አይቶ ውጤቱን የሚያስተካክልበት ቁጥር አለ፤ ያን ዕለት አንድ መሆን ነበረበት። በእጅ ተነክቶ አንድ ነጥብ አሥራ አንድ ሆኗል። ማሽኑ ባገኘው ላይ አሥራ አንድ በመቶ ተቆልሎበታል።

ኦሬል ዕቃውን ተሸክሞ ሲገባ እህቱን ስክሪኑን ወደ በሩ አዙራ ቆማ አገኛት።

«ይህን ማነው የነካው?»

ዕቃውን አስቀመጠ። አልካደም።

«ሃምሳ እጨምራለሁ ብያቸው ነበር። ሃያ ሁለት ብቻ ወጣ። አፈርኩ፣ እቴ።»

«እሳቸውን ብቻ ነው?»

የዕቃውን ካርቶን መክፈት ጀመረ።

«ኦሬል! የኔስ መኪና?»

መሬት መሬቱን አየ። ዲክላ፣ እሱ ጉልበት በጨመረላት በዚያች መኪና ያላስቀናችው ጓደኛ የላትም። ወንድሜ ነው የሠራት ስትል ደረቷን ነፍታ ነበር። አብሯት ያደገው፣ የጋራዡን ቁልፍ የሰጠችው ልጅ፣ እሷንም ዋሽቷታል።

አባባ ጓንጉል ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሃያ ሁለቱስ የእውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የእውነት ነው፣ አባባ» አለች ዲክላ።

«ለውጧን እኮ ዳገት ላይ ለይቼው ነበር» አሉ ወደ ኦሬል ዞረው። «ሃያ ሁለት ብትለኝም እስምህ ነበር። ለምን ዋሸኸኝ?»

ኦሬል ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ለደንበኞቹ አንድ በአንድ የደወለላቸው ራሱ ነው፤ ዲክላ አላገዘችውም። ለመጡትም ስክሪኑን ወደ እነሱ አዙሮ እያሳየ መኪናቸውን ለካላቸው። አንዱ ሰደበው፤ አንዱ መኪናውን አስነስቶ ላይመለስ ሄደ። አብዛኞቹ ግን ቁጥሩን አይተው እጁን ሳይጨብጡ ቁልፋቸውን ይቀበሉት ነበር፤ ለኦሬል ከስድቡ ይልቅ የከበደው እሱ ነው።

እህትና ወንድም ዛሬም አብረው ይሠራሉ። ዲክላ የራሷን መኪና ግን እስካሁን ሮለሩ ላይ ለማውጣት አልደፈረችም።