ሚጢጢን የሚያነሳ ወገብ

ልብስ ሰፊዋ ብረት ማንሳት የጀመረችው አምሯት አልነበረም፤ ልጇ አደገችባት። ሌላዋ እናት ልጄ አደገችልኝ ብላ ደስ ይላታል። የዚህችኛዋ ልጅ እግሮች ግን ከተወለደች ጀምሮ አይታዘዙም፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት ተሸክማ የምታመላልሳት እናቷ ናት። አባትየው እንደሆነ ገና ድሮ እግሬ አውጪኝ ብሏል። ልጅቷን ሚጢጢ ይሏታል፤ ሚጢጢነቱ ስሟ ላይ ብቻ ቀርቶ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል።

«እሷ ስትከብድ እኔ መጠንከር አለብኝ» ብላ ጂም ገባች። ጎረቤቱ «በዚህ ዕድሜሽ ጡንቻ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» እያለ ሲስቅባት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አሰልጣኙን ሁሉም ሻምበል ይለዋል። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያሰጠው ጩኸቱ ነው። ዴድሊፍት የሚሉትን፣ ብረቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆምን ያስተማራት እሱ ነው።

«ወገብሽ አይጉበጥ! ብረቱን ወደ እግርሽ አስጠጊው! ዳሌሽን ወደ ኋላ!» ይላታል።

እሱ ሲያያት ታስተካክላለች፤ ዞር ሲል የለመደችውን ታደርጋለች። ሚጢጢን ስንት ዓመት ሙሉ ያነሳቻት ጎብጣ፣ ከወገቧ ጠምዘዝ ብላ፣ በቀኝ ዳሌዋ ደግፋ ነው። ብረቱንም እንደዚያው ታነሳው ጀመር። ክብደት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትጨምራለች፤ ልጅቷ ማደጓን አታቆምላትማ! ቀኝ ዳሌዋን ሲቆረቁራት፣ ጠዋት ጠዋት ካልሲዋን ማጥለቅ ሲያቅታት፣ ሻምበል እንዳይከለክላት ደበቀችው። የሚያንገበግበው ይሄ ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ክብደቱን ቀንሶ ከሀ ሁ ይጀምርላት ነበር።

አንድ ቀን ብረቱ ጉልበቷን ሳያልፍ ወገቧ ቋ አለ። ሕመሙ ከዳሌዋ ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። ያ ሁሉ የሻምበል ጩኸት የት እንደገባ እንጃ፣ አጠገቧ ተንበርክኮ ላቧን በፎጣ ይጠርግላት ጀመር።

የአጥንት ሐኪሙ የወገቧን ፊልም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«ዲስክዎ ተንሸራቶ ነርቭዎን ተጭኖታል» አላት። «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት አይችሉም።»

«ልጄንስ?»

«ስንት ኪሎ ናት?»

ነገረችው። ሐኪሙ ፊልሙን ቀስ ብሎ ወደ ፖስታው መለሰ። «ሌላ የሚያነሳት ሰው የለም?»

የለም። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት ሥራ ከመግባቷ በፊትና ማታ ስትመለስ ጎራ ትልላቸዋለች፤ ከዚያ በላይ ማን ይጠይቃታል? በመሃል ያለው ረጅም ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ አልጋ ላይ፣ እናት ምድር ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። ሚጢጢ የግድ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲኖርባት እናቷ በክርኗ እየዳኸች ትነሳለች፤ ጥርሷን ነክሳ ታቅፋታለች፤ የማቃሰቷ ድምፅ ግን ከጥርሷ መሃል ያመልጣል።

ሰሞኑን ሚጢጢ እናቷን መጥራት አቆመች። እናቷ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር፣ እግዜር አዘነልኝ ብላ። ዛሬ ቀና ብላ ስታያት የልጅቷ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

«ምነው ከንፈርሽ? ውሃ ጠጪ እስቲ።»

«አልጠማኝም።»

ጎረቤቷ ትናንት ጠዋት በልጅቷ ትራስጌ ያስቀመጠችላት ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ከትናንት ጀምሮ አልጠጣሽም?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ አንቺ ትነሻለሽ።»

እናትየው ያንን ሁሉ ብረት የተሸከመችው ይህን ለመስማት ነው? ተነስታ ጠርሙሱን ልታቀብላት ሞከረች፤ ወገቧ ከፍራሹ አልላቀቅ አላት። እንደገና ሞከረች፤ ጮኸች።

«ተይ እማ! ተይ፣ በቃ፣ እጠጣለሁ!» አለች ሚጢጢ ደንግጣ።

ጠርሙሱን አንስታ አፏ ላይ ደቀነችው፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል። «ጠጣሁ» ብላ መልሳ ስታስቀምጠው ውሃው አልጎደለም።