ወንድም ታዛቢ

ሰላሙ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሰው ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል። "ስሚ እስቲ ይሄን፣ ሠናይት" ይላታል ሚስቱን። እሷም ከወጥ ቤት እጇን እየጠራረገች ትመጣና የራሷን ጽሑፍ ከባሏ አፍ ትሰማለች።

"'ማርታ ከወጥ ቤት የምትወጣው ወይ ለማልቀስ ወይ ለመመታት ነው። እናት የላትም? ሥራ የላትም? የሚያስቃት ጓደኛ እንኳ ደራሲው ነፈጋት?' አየሽ፣ ይሄ ሰውዬ የበሰለ ነው። ወንድ እንዲህ በመረጃ ሲከራከር ደስ ይላል።"

ሠናይት "እውነትም" ትልና ሳቋን ውጣ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። ያኔ ገና ያስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። "የጓሮ በር" የሚሉት ተከታታይ ድራማ እሑድ ማታ ሲታይ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ሲያልቅ ደግሞ በቴሌግራም ይንጫጫል። የተመልካቾቹ ግሩፕ ሕዝብ ቢሰበሰብ ኮተቤን ያጣብባል። ማርታን ባሏ በጥፊ ያላት ዕለት ግማሹ ግሩፕ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ። አንዱ "እሰይ፣ አብዝታው ነበር" አለ፤ ሌላው "ደራሲው እውነታውን ነው ያሳየን"፤ ሦስተኛው "ድራማ ነው፣ አታካብዱ"። ሴቶቹ መልስ ለመስጠት ሲሞክሩ "አንቺን ማን አገባሽ?" ይባላሉ፣ ክርክሩም እዚያው ላይ ይዘጋል። ሠናይት በስሟ አንድ ጊዜ ሞክራ "ሂጂ ወጥሽን አማስዪ" ተብላለች። እልህ ያዛትና በዚያው ስልኳ ላይ ሁለተኛ አካውንት ከፈተች፣ ስሙንም "ታዛቢ" አለችው።

ታዛቢ ሴትም ወንድም ይሆናል፤ ሴትየዋ አልዋሸችም። በአማርኛ "እኔ" እያለ የሚጽፍ ሰው ጾታው አይታወቅም። "አንተ" ያሏት እነሱ ናቸው። "ወንድሜ ታዛቢ፣ አንተ ስታስረዳ ነው የገባኝ" አሉ፣ በስሟ ጽፋው ወጥሽን አማስዪ የተባለችበትን ያንኑ ቃል አንብበው። አይ ሰው!

ሰላሙን ጎረቤት ሁሉ ጨዋ ይለዋል። እጁን አንስቶባትም አያውቅም። የጥፊውን ክፍል አብረው ሲያዩ ግን እንጀራውን እየጠቀለለ "እኔ ብሆን በአንድ አልለቃትም ነበር" አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው፣ ጨው አቀብዪኝ በሚልበት ድምፅ። ሠናይት ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ እግሩ ደረጃው ላይ ሲሰማ ልቧ ይመታል፣ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ የምታሳየው ምልክት የላትም።

ታዛቢ ታዋቂ ሲሆን ኢንቦክሱ መሙላት ጀመረ። ከሁሉም ዩምና የምትባለው ልብ ትሰብራለች። የወሰን ሰፈር ልጅ ናት፣ ባለጋራዥ አግብታ እዚያው ትኖራለች። "ወንድም ታዛቢ፣ የማርታን ነገር ስትጽፍ የኔን ቤት ያየህ መሰለኝ" ብላ ነበር የጀመረችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሠናይት ብዙ ጊዜ "እኔም ሴት ነኝ" ብላ ጽፋ አጥፍታዋለች። ዩምና አንድ ቀን "ወንድ ሆነህ 'ጥፋቱ ያንቺ አይደለም' ስላልከኝ ነው ያመንኩት፤ ሴትማ ብትለኝ ልታጽናናኝ ነው እል ነበር" ስላለቻት ሠናይት ዳግመኛ አልሞከረችም። ቀስ በቀስ መከሩ፤ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቷ ዘንድ እንድትሄድ ተስማሙ። ባልየው ለዘመድ ሠርግ ከከተማ በሚወጣበት እሑድ ዩምና ላምበረት መናኸሪያ ወርዳ፣ አልጋ ይዛ፣ ሰኞ ጠዋት ትሳፈራለች። ይህን የሚያውቁት ዩምናና ታዛቢ ብቻ ናቸው። ታዛቢ ከታወቀ ዩምናም ታወቀች ማለት ነው።

ሠናይት ግን አንድ ነገር አመለጣት። ስለ ማርታ ስትከራከር በንዴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ፊቷ ያበጠ ሴት ሻሿን ወደ ፊት ስባ ነው የምታስረው። ጥርሷን በብሩሽ አትነካውም፣ በጣቷ ነው የምትፈገፍገው። ማርታ ግን በማግስቱ ፀጉሯን ተሠርታ ትስቃለች። ይህን የጻፈ ሰው የተመታች ሴት አይቶ አያውቅም።" ይህን የነገረቻት ዩምና ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ከታች አንዱ "ይህን ወንድ አያውቀውም" አለ። ሌላው "ታዛቢ ሴት ናት" አለ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ የቀድሞው ግሩፕ አልሆነም። ትናንት "አንተ" ሲሏት የነበሩት "አንቺ" አሏት፤ ያ ሁሉ "የበሰለ" የተባለ ሐሳብ ባንድ ሌሊት "የፈት ምቀኝነት" ሆነ። አድራሻዋን እናውጣ፣ ፎቶዋን እንለጥፍ፣ የምትሠራበት ቢሮ እንሂድ ተባለ። አንደኛው ደግሞ የሚያደርግባትን ዘረዘረ፣ እኔ እዚህ አልደግመውም። ከሁሉ የባሰበት ሰላሙ ነበር። ሲያጨበጭብ የከረመው እሱ ነዋ! "አገኛታለሁ" ብሎ በስሙ ጻፈ፤ "አግኝቼም ለባሏ ነው የማስረክባት።"

የዚያን እሑድ ጠዋት ጓደኛው ሲሞን መኪና ይዞ መጣ። ከግሩፑ የተዋወቁት ኤቢሳም አብሮ ነበር። በየሳምንቱ እንጦጦ ወጥተው በእግራቸው ይንሸራሸራሉ። "ዛሬ አንቺም ነይ፣ አየር ትቀበያለሽ" አላት ሰላሙ። እምቢ እንዳትል ምክንያት አጣች። ስልኳን እንዳትዘጋው ደግሞ ዩምና የምትወጣው ዛሬ ነው። ጃኬቷ ኪስ ከትታ አብራቸው ሄደች።

ላይ ባሕር ዛፉ መሐል ጉም ነበር፣ ከፊት የሚሄደው ሰው ጀርባ እንኳ በደንብ አይታይም። ወንዶቹ ከታዛቢ ሌላ ወሬ የላቸውም።

"ባሏ ምን ዓይነት ጅል ቢሆን ነው?" አለ ሲሞን። "ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ሕዝብ ስታምስ አያይም?"

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" አለ ሰላሙ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ሠናይት። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

ኤቢሳ ስልኩን አወጣ። "ቆዩ እስቲ፣ ላስደንግጣት" ብሎ ለታዛቢ መጻፍ ጀመረ፤ የጻፈውንም ያነብላቸዋል፣ "አንቺ፣ በርሽ ላይ ነን።" ሠናይት እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ስልኩን አፍና ያዘችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ኤቢሳ "አይሄድም" እያለ ደጋግሞ ጻፈና ተወው። እሷ እንቅፋት የመታት አስመስላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሲመለሱ ከኋላ ወንበር ኤቢሳ አጠገብ ተቀመጠች። ሰላሙ ከፊት ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ኤቢሳ ስልኩን አየና "ይኸው ሄደላት!" አለ። እሱ ሲናገር የሠናይት ኪስ አጉረመረመ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ።

"እኅቴ ናት" አለች ማንም ሳይጠይቃት።

ሰላሙ አልዞረም። "ኤቢሳ፣ እስቲ አንድ ጨምርላት" አለ ብቻ። ኤቢሳ እየሳቀ ጨመረ። ኪሷ እንደገና አጉረመረመ። ኤቢሳና ሲሞን በሳቃቸው ውስጥ ልብ አላሉም። ሰላሙ ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ኮተቤ ድረስ መንገድ መንገዱን ነበር የሚያየው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቤት ሲገቡ ሰላሙ ጫማውን አወለቀ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሠናይት ወጥ ቤት ገብታ ስልኩን ከፈተች፤ ከዩምና ገና ምንም አልመጣም። ድምፁን አጠፋችና ከማጠቢያው አጠገብ አስቀምጣ ሰላጣ ማጠብ ያዘች። ምናልባት ልብ አላለው ይሆናል እያለች ራሷን ታጽናናለች።

"ሠናይት" ሲል ከሳሎን ተጣራ።

"አቤት?"

"ራት ምንድን ነው?"

"ሰላጣና ቀይ ወጥ።"

"ጎሽ።" ከዚያ በዚያው ድምፁ፣ "ታዛቢ።"

"አቤት?"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባል ሲጣራ አቤት ማለት ከእናቷ ጀምሮ በደሟ የገባ ነገር ነው፤ ጆሮዋ ስሙን ሳይለይ አፏ መለሰ። ውሃው እንደተከፈተ ቀረ። ሰላሙ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ስልኩን" አለ።

ይመታኛል ብላ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። አልመታትም፤ ስልኩን አንስቶ፣ ክንዷን ይዞ ሳሎን አመጣትና አጠገቡ አስቀመጣት። የጻፈችውን ሁሉ ላይ ላዩን አየው። የዩምናን ግን አንድ በአንድ አነበበው። ሠናይት "እሱን ተው፣ የሰው ምስጢር ነው" ብትለው ቀና አላለም። በራሱ ስልክ ሲሞን "እንዴት ሆነ፣ ደረስክባት?" ብሎ ጽፎለታል።

"ምን ልበለው?" አለ ሰላሙ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ። "ሚስቴ ናት ልበል? ይኼን ሁሉ ጊዜ ለሚስቱ ሲያጨበጭብ ነበር ልባል?" ከዚያ ለግሩፑ "አጣርቻለሁ፣ ታዛቢ ወንድ ነው" ብሎ ጻፈ። የእሷን ስልክ አነሳና ደግሞ በታዛቢ ስም፣ "ወንድሞቼ፣ ስለ ማርታ ተሳስቼ ነበር" ብሎ ጀመረ። ወዲያው "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ሲሳሳት ያምናል" የሚል አድናቆት ይጎርፍለት ጀመር። ሰላሙ ፈገግ አለ። ሠናይት ከፈራችው ሁሉ ይህን ፈገግታ ይበልጥ ፈራችው።

ያን ጊዜ ነው ዩምና የጻፈችው። ሰላሙ ጮክ ብሎ አነበበው፣ እንደ ልማዱ። "'ወንድም ታዛቢ፣ ላምበረት ደርሻለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ፔንሲዮን በር ላይ ነኝ። ልቤ ፈራ። ልሂድ ወይስ ልመለስ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።'"

"ሰላሙ፣ እንዳትነካው። ትሂድ። ይገድላታል።"

"ሰው የሚገደለው በድራማ ነው" አለ ሰላሙ። "የሰው ትዳር ልታፈርሺ? እኔ ኃጢአቱን አልሸከምም።" እየጻፈ አነበበላት፦ "እኅቴ፣ ተመለሺ። ባልሽ ነው፣ ታገሺው። ሳይመጣ ቤትሽ ግቢ።"

ስልኩን ልትነጥቀው ዘለለች፤ በክርኑ ገፋት። ብዙ አልቆየም፣ መልሱ መጣ። "እሺ ወንድም ታዛቢ።"

ሠናይት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። "የት ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዋ ደረጃው ላይ ሰማች፣ አልዞረችም። ታክሲ ያዘች። ወሰንን አልፎ ላምበረት እስኪደርስ "ያረብ፣ ጌታዬ፣ አቆያት" እያለች የራሷንም የዩምናንም ጸሎት አንድ ላይ ትጸልያለች።

ፔንሲዮኑ በር ላይ ሻሿን ወደ ፊት ስባ ያሰረች ሴት ሻንጣ ይዛ ታክሲ ትጠብቃለች።

"ዩምና?"

ሴትየዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ማነሽ?"

"ታዛቢ እኔ ነኝ። ተመለሺ ያለሽ ባለቤቴ ነው፣ ስልኬን ቀምቶኝ ነው። እባክሽ አትመለሺ።"

"ታዛቢ ወንድ ነው" አለች ዩምና።

"አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንተ ስትይኝ ዝም አልኩሽ። ጥርስሽን በጣትሽ እንደምትፈገፍጊ ነግረሽኛል። አክስትሽ ኮምቦልቻ ናቸው፣ ነገ ጠዋት ነው የምትሳፈሪው…"

ላሳምናት ብላ የምታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችው። ዩምና በሰማች ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ፤ ዓይኗ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ቃኘ፣ የሆነ ሰው የምትፈልግ ይመስል።

"ባሌ ስልኬን ከፍቶታል" አለች በሹክሹክታ። "እሱ ነው የላከሽ።"

"ማንም አልላከኝም፣ በፈጠረሽ!"

የወሰን ታክሲ ቆመ። ዩምና ሻንጣዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች፤ ሠናይት በሩን ያዘች፣ ረዳቱ "እናት፣ ወይ ግቢ ወይ ልቀቂ" ብሎ እጇን አስለቀቃት። ዩምና በመስኮቱ ጎንበስ አለች። እያለቀሰች ነበር።

"በእናትሽ" አለቻት፣ "ስትነግሪው፣ ወድዳ ነው የተመለሰችው በይው።"