ስለ ዘብሩህ የተሳለ ሙክት

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ በፈጠረኝ አምላክ ምዬ ብነግርህም አታምነኝም፤ ባታምነኝም አልፈርድብህም፤ የሰው ልብ በዓይኑ ላየው ጎረቤት እየደረቀ በጆሮው ለሰማው ባዕድ የሚርስ፣ ረቂቅና ምሥጢሩ የማይመረመር ፍጥረት ነውና። እኔም ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት አይደለም፤ ከባልቴቷ ከአንጓች ሙክት ነው እንጂ።

በቀጨሞ ጊዮርጊስ ደብር፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበቴው ዳቦ ተቆርሶ ጠላው ሆዳችን ውስጥ ሲደላደል፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ደሳለው ከከተማ ያመጣውን ልቦለድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልን ነበር። መጽሐፉ ግሩምና መድምም ነው፤ ፀሐይን ሰርቆ በዋሻ ስለቆለፈ ባለ ብዙ ራስ ዘንዶና፣ መስቀሉን ታምኖ ጦሩን ሰብቆ ብርሃንን ለምእመናን ሊያስመልስ ስለዘመተው ስለ ፈረሰኛው ዘብሩህ ይተርካል። ዘብሩህ ሲጋልብ የፈረሱ አቧራ እኛን ያስነጥሰን ነበር፤ ዘንዶው ሲያፏጭ ደግሞ የደብሩ ውሾች ወንዝ ተሻግረው ሸሹ፤ ገሚሶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ቄሰ ገበዝ ምናሴ ብቻ «ተረት ነው፤ የሥራ ፈት ወሬ!» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ይቀመጡ ነበር፤ ይቀመጡ ነበር እንጂ ተነሥተው ሲሄዱ ያየ የለም።

ከዕለታት በአንዱ እሑድ ዘንዶው ዘብሩህን ከነፈረሱ ዋጠው፤ ደሳለውም እዚያው ላይ መጽሐፉን አጠፈ።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ! ሰውየውን እዚያ ጥለኸው ልትሄድ ነው?» አለች አንጓች ብድግ ብላ።

«እማማ፣ ምዕራፉ አልቋል።»

«ምዕራፉ ቢያልቅ ሰውየው አለቀ?»

ይህን ብላ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዳ ተንበረከከች። «ጊዮርጊስ ሆይ፣ የዘንዶን አመል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ምስኪን ከነፈረሱ አውጣልኝና ለፋሲካ ያደለብሁትን ሙክት እሰጥሃለሁ» ብላ ተሳለች። ሳምንቱን እህል በአፏ አልዞረም፤ እንባዋ የወረደበት መደብ ጤፍ ሊያበቅል ምንም አልቀረው። በሚቀጥለው እሑድ ግን ዘብሩህ ወጣ! እልልታችን የደብሩን ቆርቆሮ ከነጉልላቱ አንሥቶ መልሶ በቦታው አስቀመጠው።

የጊዮርጊስ ዕለት አንጓች የሕንፃ ያህል የሰባውን ሙክቷን እየጎተተች መጣች። ቄሰ ገበዝ፣ ያለፈውን እሑድ በወረዳው ቤተ ክህነት ስብሰባ ላይ ውለው ገና መመለሳቸው ነበር፤ ካባ ለብሰው፣ ጥላ ተይዞላቸው፣ እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ስለት ስለ ማን እንደ ተሳለ እየጠየቁ ለሕዝብ ያሰማሉ።

«ስለ ማን ነው?»

«ስለ ዘብሩህ።»

ቄሰ ገበዝም በግርማና በቁጣ እንዲህ አሉ፦ «አንቺ ሴት፣ ዘብሩህ የሚባል ሰው አልተወለደም፣ አልተጠመቀም፤ ጸሐፊ በቀለም የፈጠረው ነው። ያልነበረ ሰው ከምን ይድናል? ይህን ስለት ደብሩ አይቀበልም፤ ሙክትሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ!»

የአንጓች ፊት አመድ መሰለ። በአገራችን የጊዮርጊስን ስለት ያስቀረ ሰው ደመና ባየ ቁጥር መብረቅ ይጠብቃል፤ እርሷም ብቻዋን የምትኖር ናት፣ ጎጆዋም ሣር ክዳን ነው።

«አባቴ፣» አለች፣ «የተሳልሁት ለዘብሩህ አይደለም፤ ለጊዮርጊስ ነው። እርሱ የለመንሁትን ፈጽሞ ያንን ምስኪን ከዘንዶው ሆድ አውጥቶልኝ፣ እኔ ቃሌን አጥፌ በምን ፊቴ ደጁን እረግጣለሁ?»

ያን ጊዜ የቄሰ ገበዝ መቋሚያ ከእጃቸው አምልጦ ደረጃውን እየነጠረ ወረደ፤ እርሳቸውም ካባቸውንና ማዕረጋቸውን፣ ሕዝቡንና ስብከታቸውን ሁሉ ረስተው ጮኹ፦

«ወጣ እንዴ?! በሉ ሙክቱን እሰሩት! አንጓች፣ በሞቴ፣ እንዴት አድርጎ ወጣ?»